ጠሪው የት የት ፈለገ?

እናንተ አገር ኮምፒውተር የሚሉት ዕቃ አለ አሉ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ አንዲት ትንሽ ብርሃን ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃለች፣ ሰውየው ትእዛዙን ይጽፋል፣ ዕቃው ደግሞ «አልተገኘም» ብሎ ይመልስለታል። ይህን ያወራልኝ መንገደኛ ነጋዴ እንደ ትልቅ ጉድ እያጋነነ ነበር። እኔ ሳቄ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ እኛ ጋ እኮ ከተማው በሙሉ እንዲህ ነበር» አልኩት። አላመነኝም። አለማመኑ አበሸቀኝና ነው እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ የማወራው።

ስሜ አላምረው ነው። ሥራዬ ድንኳን ማከራየት ነበር። የከተማዬን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም መንገዱን አታውቁትም።

በከተማችን መሃል የጥሪ ቤት አለ። ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር መስኮት አለው፣ ከመስኮቱ በላይ ደግሞ ኩራዝ ተሰቅላለች። ኩራዟ ብልጭ ድርግም ካለች ጠሪው ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ ሰው ባለሙያ ሲፈልግ ቤቱ ሄዶ በር አያንኳኳም። መስኮቱ ፊት ይቆምና የሙያውን ስም ብቻ ይጠራል፤ «ሸማኔ!» ይላል፣ «ወጌሻ!» ይላል። ጠሪው ባርኔጣውን እንደደፋ ይወጣል፣ በተነገረው መንገድ ከበር በር እያንኳኳ ይሄዳል፣ ባለሙያውን ይዞ ይመለሳል። ካጣ ደግሞ መስኮቱ ጋ ተመልሶ የሙያውን ስም ይጠራና «አልተገኘም» ይላል። አንዲት ቃል አይጨምርም።

ጠሪውን ባያችሁት! ዶፍ ይዝነብ፣ ፀሐይ ይጥበስ፣ እሱ ይሄዳል። አጉረምርሞ አያውቅም፣ ደከመኝ ብሎ አያውቅም፣ ዋሽቶማ በፍጹም አያውቅም። የነገሩትን ልክ እንደነገሩት ያደርጋል፤ ያልነገሩትን አያደርግም። እኔ በዕድሜዬ እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም፣ አላይምም። ከተማው በሙሉ ስለሚኮራበት አንድ ደንብ ወጥቶለታል፦ ጠሪውን ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነው። «የት ሄደህ ፈለግክ?» ያለው ሰው «ውሸታም ነህ» እንዳለው ይቆጠራል። ባለሙያን «ቤትህ የት ነው?» ማለትም የጠሪውን እንጀራ መንጠቅ ነው። ስለዚህ የማንንም ቤት ሳናውቅ ነበር የምንኖረው። ያውም በኩራት።

«አልተገኘም» የተባለ ሙያ ደግሞ ይለቀስለታል። ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል፣ ስለ ሙያው ደግ ደጉ ይነገራል። ባለሙያው ራሱ በሕይወት ካለ መጥቶ ከፊት ይቀመጣል። ለቅሶው ሲያበቃ መሣሪያውን ይሰቅልና ሌላ ኑሮ ይፈልጋል፤ የሌለ ሙያ ይዞ መዞር ምን ይባላል?

አባታችን ከበሮ ሠሪ ነበር። የምንኖረው ወንዝ ማዶ ነው፤ ያኔ ድልድይ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ ለአንድ ሰርግ «ከበሮ ሠሪ!» ተብሎ ተጠራና አልተገኘም። አባቴ በታንኳ ተሻግሮ መጥቶ በራሱ ድንኳን ከፊት ተቀመጠ። አለቀሰ። አለቃቀሱ ከተማውን ሁሉ አስደነቀ። ከዚያ ወዲያ ቆዳ ወጥሮ አያውቅም፤ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ኖሮ ሞተ። ድንኳኑን ማስታወሻ ይሁናችሁ ብለው ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ሰጡን። እኔ እንጀራ የበላሁት በዚያ ድንኳን ነው።

ታናሽ ወንድሜ በልስቲ ይባላል፤ ውሃ በአህያ ጭኖ ይሸጣል። ጎህ ሲቀድ አደባባዩ ላይ ካለው ቧንቧ ጄሪካኖቹን ይሞላል። የመንገድ ሹሙም ለጠሪው የዕለቱን መንገድ የሚነግሩት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አደባባይ ነው። ጠሪው የሚይዘው መጨረሻ የተነገረውን መንገድ ብቻ ነው፤ የትናንቱ ከአእምሮው ይጠፋል። የድሮው ሹም ታዲያ ወንዙ ላይ ድልድይ ከተሠራ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ አንዱን መንገድ በአፍንጫቸው እየጎተቱ፣ መሃል ላይ እያሳሉ ሲነግሩት ኖሩ። ማንም ጆሮ አይሰጣቸውም ነበር። በልስቲ ብቻ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ድምፃቸውን ከነሳላቸው ያስመስላል፤ ሰው በሳቅ ይሞታል። እኔን ግን ደሜን ያፈላው ነበር። «አንተ ባለጌ፣ ሹምን ያህል ሰው!» ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።

የድሮው ሹም ሞቱና አዲስ ሹም ተሾሙ። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አላማቸውም፤ ደግ ሰው ናቸው። ኮረብታው ላይ አዲስ ሰፈር ቆርቁረው፣ ዛፍ ተክለው፣ ድንጋይ በገዛ እጃቸው ተሸክመው ያሠሩ ናቸው። በዚያ ሰፈር ደስታቸው ሌላ ነበር። በተሾሙ ማግስት ጎህ ሲቀድ አደባባይ ወጡና እጃቸውን ወደ ኮረብታው ዘርግተው «ጠሪ ሆይ! መንገድህ አዲሱ ሰፈር ነው!» አሉ። እንዴት ያምር ነበር አነጋገራቸው! አጨበጨብንላቸው። ጠሪውም እሺ ብሎ ባርኔጣውን ደፋ። በየማለዳው ይህንኑ ቃል ይደግሙለት ጀመር።

በአዲሱ ሰፈር ይኖር የነበረው ባለሙያ አንድ ፀጉር አስተካካይ ብቻ ነበር፤ የሹሙ አማች።

ጉዱ የጀመረው በዚያው ዕለት ነው። «ዳቦ ጋጋሪ!» ተባለ፤ አልተገኘም። «ልብስ ሰፊ!» አልተገኘም። «ጫማ ጠጋኝ!» አልተገኘም። ትናንት ዳቦውን የበላነው ሰውዬ ዛሬ የለም ተባለ። እኛ ምን አልን? ጠሪው አይዋሽም፤ እንግዲህ ሙያው ጠፍቷል አልንና ድንኳን አስተከልን። ዳቦ ጋጋሪው እጁ ላይ ሊጥ እንደደረቀበት መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። «እግዜር ያጽናህ» አልነው። «አሜን፤ እኔም አልጠረጠርኩም ነበር» አለ።

የእኔ ገበያ ምን ልበላችሁ፣ ደራ። ድንኳኔ ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሌላው ይተከላል፤ አናጢው ሲለቀስለት፣ አንጥረኛው ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በከተማው የሚገኝ ሙያ አንድ ብቻ ቀረ። ሰው መስኮቱ ፊት ቆሞ የማይገኝ ነገር መጥራት ሲታክተው «እንግዲያው ፀጉር አስተካካይ!» ይላል፤ ፀጉር አስተካካዩ ከተፍ ይላል። ጫማችን አፉን ከፈተ፣ ልብሳችን ተቀደደ፣ ጣሪያችን አፈሰሰ፤ ፀጉራችን ግን ሲያምር! ከሩቅ ላየን ሰው ለድግስ የተዘጋጀን ነበር የምንመስለው።

አንድ ቀን ለሸክላ ሠሪዋ ለቅሶ ድንኳን ተፈለገ። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እኔም እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሜ «ድንኳን ተካይ!» ተባለ። ጠሪው በአጠገቤ አለፈ፣ ኮረብታውን ወጣ፣ ወረደ፣ በአጠገቤ ተመለሰ። «ድንኳን ተካይ፦ አልተገኘም።» ሰው ዞሮ አየኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለእኔም ተለቀሰልኝ፤ ግን ድንኳን የሚተክል ስለሌለ ለቅሶዬን ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ተቀመጥኩት። ከፊት ሆኜ የራሴን ሙያ ደግነት ሰማሁ።  ከዚያ ምሰሶዎቼን ግቢዬ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ቁጭ አልኩ።

እንዲህ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ሳለ ነው የበልስቲ ነገር የመጣው።

የውሃ ጉድጓዴ ቆሻሻ ይዞ ነበርና ጠዋት መጥቶ «ጋሼ፣ እኔ ወርጄ ልጥረገው» አለኝ። ወረደ። ታች ደርሶ ሁለት ባልዲ ጭቃ እንዳወጣልኝ የጉድጓዱ አፍ ተናደ። ግድግዳው ላይ ተገጥግጦ የነበረው ድንጋይ ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ተንጋዶ ቀዳዳውን ሸፈነው። 

«በልስቲ! በልስቲ!»

«አለሁ ጋሼ!» አለ ከታች። «ድንጋዩ ከላዬ ነው፣ አልነካኝም። ግን ውሃው ከጎን እየመጣ ነው።»

ሚስቱ ዘርፌ እየጮኸች ደረሰች። እኔ አንዱን ድንጋይ ይዤ ስስበው ሌላው ተንሸራትቶ ወደ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ!» አለ በልስቲ፤ «ልትገድለኝ ከሆነ ንገረኝና ጸሎቴን ላድርስ!»

እጄን ሰበሰብኩ። ለዚህ ሥራ ጉድጓድ ቆፋሪ ያስፈልጋል። ዘርፌን «አናግሪው፣ ዝም እንዳትዪው» ብያት ወደ ጥሪ ቤት በረርኩ። «ጉድጓድ ቆፋሪ!» ብዬ ጮህኩ። ጠሪው ወጣ። እየሮጠ ነበር የሄደው፤ ድምፄን ሰምቶ መሰለኝ። እየሮጠም ተመለሰ።

«ጉድጓድ ቆፋሪ፦ አልተገኘም።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ከበበኝና ነጠላውን ማዘቅዘቅ ጀመረ። አንዱ ደግ ሰው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «አይዞህ፣ ለጉድጓድ ቆፋሪም ለወንድምህም በአንድነት እናለቅሳለን፣ ወጪ አይበዛብህም» አለኝ።

ያኔ ነው እትዬ የሻረግ ሰውን በክርኗ እየገፋች የመጣችው።

እትዬ የሻረግን ላስተዋውቃችሁ። በከተማው ውስጥ እሷ ያልከሰሰችው ሰው ካለ፣ ገና ያልደረሰችበት ሰው ነው። እኔን የድንኳንህ ገመድ አጥሬን ተሻገረ ብላ ከስሳኛለች፤ ረትታኛለች። ዳኞች ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይለውጣሉ። በሙግት አንድ ልማድ አላት፦ ምስክር «አላየሁም» ሲላት ተናዳ አትጮኽም፤ «ቆመህ የነበረው የት ነው?» ብላ ነው የምትጀምረው። ያን ቀን መስኮቱ ፊት ቆመች፣ ሻሿን አጠበቀች።

«ጠሪ።»

«አቤት።»

«ጉድጓድ ቆፋሪ አልተገኘም አልክ።»

«አዎ፣ አልተገኘም።»

«የት የት ፈለግክ?»

ሰው ሁሉ በድንጋጤ አፉን ያዘ። «ኧረ እትዬ የሻረግ፣ ኧረ ነውር ነው!» አለ አንዱ። እሷ ዞራም አላየችው፤ «ለነውሩ በኋላ እከሰሳለሁ» አለች። «ጠሪ፣ ንገረኝ እንጂ።»

የጠሪውን ፊት አየሁት። አልተቀየመም። እንዲያውም ዕድሜ ልኩን ያን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይመስል ነበር።

«አዲሱ ሰፈር» አለ።

«ከዚያስ?»

«ተመለስኩ።»

«ታች ሰፈርስ? ገበያውስ?»

«መንገዴ ውስጥ የሉም።»

  እሱ ዋሽቶን አያውቅም፤ እኛ ነን ያልጠየቅነው።

እትዬ የሻረግ ግን ለመደንገጥ ጊዜ አልነበራትም። «መንገድህ ውስጥ የሌለ ሰው ጋ ሂድ ብልህ ትሄዳለህ?»

«ከመነሻው እስከ በሩ መንገዱን በሙሉ ከነገርሽኝ እሄዳለሁ።»

መንገድን በሙሉ መንገር እኛ ጋ ለከብት ነጂ የሚደረግ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ቀጠለች፦ «ከገበያው በታች ያለውን ቁልቁለት ውረድ። ወፍጮ ቤቱን በግራህ ትተህ ሂድ። አጥሩ ወደ ጎረቤት የገባ፣ በሩ ቀይ የሆነ ቤት ታገኛለህ። አንኳኳና ጉድጓድ ቆፋሪውን ምንይችልን ጥራ።»

«አጥሩ ወደ ጎረቤት መግባቱን በምን አወቅሽ?» አልኳት ጠሪው ሲሮጥ።

«ከስሼው ነዋ! ጎረቤቱ እኔ ነኝ!»

ምንይችል ዶማውን ተሸክሞ እያለከለከ መጣ። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። «ማንም አንኳክቶብኝ አያውቅም እኮ ሰሞኑን» አለ፤ «ሰዉ ውሃ መጠጣት ተወ እንዴ ብዬ ነበር።» ወደ ግቢዬ ይዤው በረርኩ፣ ሰዉም ጠሪውም ተከተሉን። ምንይችል በሆዱ ተኝቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አያቸው፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ።

«ውሃው የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወገቤ ጋ» አለ በልስቲ ከታች። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

ምንይችል ተነሣ። «ይወጣል» አለ። «ግን ድንጋዩን ደግፎ የሚይዝ እንጨት በልኩ ተቆርጦ ይሰጠኝ። ያለ አናጢ አንድም ድንጋይ አልነካም።» ይህን ብሎ በልማዱ ወደ ጠሪው ዞረና «አናጢ!» አለ።

ጠሪው ኮረብታውን ወጥቶ ወረደ። «አናጢ፦ አልተገኘም።»

ሁላችንም እትዬ የሻረግን አየናት። እሷ ግንባሯን ያዘች።

«የአናጢውን ቤት አላውቀውም!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ከስሼው አላውቅም። ሥራው እንከን የለውም፣ በምን ልክሰሰው? ወይ ጥፋቴ!»

አንዱ «እንበተንና በር በር እናንኳኳ» አለ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። «አናጢውን ብታገኙት መጋዝ ሳይ ይላል። መጋዝ ሳዩ አንጥረኛ ይላል። እያንዳንዱ መስኮቱ ጋ ሄዶ ሌላውን ይጠራል፣ እያንዳንዱም አልተገኘም ይባላል። አንድ በአንድ ስናሳድድ ሰውዬው ይሰጥማል። መጠገን ያለበት የጠሪው መንገድ ነው። ሹሙን አምጡልኝ!»

ሹሙ ፀጉራቸውን ግማሹን ተስተካክለው፣ ግማሹ እንደቀረ፣ አንገታቸው ላይ ጨርቅ ታስሮ እየሮጡ መጡ። ፀጉር አስተካካዩም መቀሱን ይዞ ከኋላቸው። ነገሩ ሲነገራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እኔ እኮ አዲሱን ሰፈር ጨምርበት ማለቴ ነው!»

«ምን ማለትዎ እንደሆነ እሱ በምን ያውቃል?» አለች። «የሰማው ያሉትን ነው። ‹መንገድህ አዲሱ ሰፈር ነው› አሉት፤ የነበረውን ሁሉ ደመሰሱበት።»

ሰውየው ደግ ናቸው ብያችኋለሁ፤ አልተከራከሩም፣ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «አሁኑኑ የድሮውን መንገድ ልንገረው!»

«ይቆዩ!» አለች። «የድሮውን ብቻ ከነገሩት ደግሞ አዲሱ ሰፈር ይጠፋል።» ፀጉር አስተካካዩ መቀሱ ከእጁ ወደቀ። «የነበረውን እንዳለ ይንገሩት፣ በስተኋላው አዲሱን ሰፈር ይጨምሩ። የሚጨምሩ ከሆነ የነበረውን አይንኩ።»

«እሺ» አሉ ሹሙ። አፋቸውን ከፈቱ። ከፍተውት ቀሩ። «የነበረው... ምን ነበር?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ስንት ዘመን በየማለዳው አደባባይ ላይ ሲነገር የሰማነው መንገድ ነው። አንድ ሰው እንኳ የያዘው የለም። ጠሪውም «እኔ የማውቀው የአሁኑን ነው» አለ። ዘርፌ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ ጸጥ ብላ ታለቅስ ጀመር። እኔ ራሴን በጥፊ መታሁት።

ያን ጊዜ ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ሳል ተሰማ።

የበልስቲ ሳል አይደለም። የድሮው ሹም ሳል ነው። አንዲት አሮጊት «ሹሙ ተነሡ!» ብላ ተዝለፈለፈች። ድምፁ ከመሬት ውስጥ፣ በአፍንጫ እየተጎተተ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፦

«ጠሪ ሆይ... ላይ ሰፈርን ይዘህ ውረድ። ገበያውን ዙር። እህ፣ እህ... በታች ሰፈር በኩል እለፍ። ድልድዩን ተሻገርና... ወንዝ ማዶ ድረስ።»

ወንድሜ ነው! ስንት ጊዜ የሰደብኩበት፣ ደሜን ያፈላው ያ ማስመሰል! ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፋሁ። «ድገመው የኔ ጌታ! ድገመው!» አልኩ። ደገመው። አዲሱ ሹም የአንገታቸውን ጨርቅ ፈትተው በየቃሉ እየተከተሉ ለጠሪው ተናገሩ፤ ሲጨርሱ «ከዚያም አዲሱ ሰፈር» ብለው ጨመሩ። ማንም አላጨበጨበም። እኔ ግን ከሁሉም ንግግራቸው ያን ወድጄዋለሁ።

«አናጢ!» አለ ምንይችል።

ጠሪው ሮጠ። ኮረብታውን ወጣ፣ ወረደ። «አናጢ፦ አልተገኘም።»

የሰዉ ተስፋ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ሹሙ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ ጠሪውን ልመታው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ድንጋይ አንሥቼ ነበር። እትዬ የሻረግ ክንዴን ያዘችኝ። አትቆጣም፣ አታለቅስም፤ ያን ጊዜ ፊቷን ብታዩት! እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ጠሪ፣ የት የት ፈለግክ?»

«አዲሱ ሰፈር።»

«አሁን የተነገረህን መንገድ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ግን መንገድ የምለውጠው ባርኔጣዬን ስደፋ ነው። ዛሬ የደፋሁት ጠዋት ነው።»

 እጇን ዘርግታ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አነሣችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችለት፣ መልሳ ደፋችለት። «በል ሂድ» አለችው።

«አናጢ!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

ጠሪው ወደ ኮረብታው አልዞረም። ወደ ላይ ሰፈር ገሰገሰ። ገበያውን ዞረ። በሮች ሲንኳኩ ከሩቅ ይሰማን ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ ጸጥ ብሎ የኖረ ከተማ በር በሩ ሲመታ እንዴት ደስ ይላል! ዳቦ ጋጋሪው «እኔን ነው?» እያለ ወጣ፣ ልብስ ሰፊው ወጣ፣ በየደጁ ሰው ቆመ። አናጢው መጋዙን ከተሰቀለበት አውርዶ፣ ሸረሪት ድሩን ሳያራግፍ መጣ።

«እንጨቱስ?» አለ።

ግቢዬን አየሁ። ግድግዳው ላይ የተደገፉት ምሰሶዎች የአባቴ የለቅሶ ድንኳን ምሰሶዎች ናቸው።

«እነዚያን» አልኩ።

«የድንኳንህን? ይቆጭሃል።»

«ቁረጥ አልኩህ! ሰው እየሰጠመ ታወራለህ?»

ቆረጠ። ምንይችል አንዱን በአንዱ ሥር እየሸጎጠ፣ ድንጋዩን ቀስ እያደረገ እያነሣ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን» እያለ ሠራ። ውሃው የወንድሜ ደረት ጋ ደረሰ፣ ትከሻው ጋ ደረሰ። በልስቲ መናገር ትቶ ነበር። ዘርፌ «ሹሙን አስመስል! አስመስል እንጂ!» ትለዋለች፤ ከታች «እህ» ብቻ ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተገኘ። የድንኳኑን ገመድ ሰደድንለት። ሹሙም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ እትዬ የሻረግም፣ እኔም አንድ ላይ ይዘን ሳብን። ወጣ። ከናፍሩ ጠቁሯል፣ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ዘርፌ ላዩ ላይ ወደቀች።

ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና የተቆራረጠውን እንጨት አየ።

«ጋሼ፣ ድንኳንህ አለቀ።»

«ይለቅ!» ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ የሻረግ ቃሏን አላጠፈችም። ለነውሩ እከሰሳለሁ ብላ ነበርና ስትጠብቅ ከሳሽ ጠፋ። ማንም ስላልደፈረ ራሷን ከሰሰች። በከሳሽም በተከሳሽም ወገን ቆማ ተከራከረች፤ ከሳሽዋን እያፋጠጠች፣ ተከሳሽዋን እየተከላከለች፣ አንዱን ስትሆን ሌላዋን እየገላመጠች። በመጨረሻ ረታች። እኔ እንደዚያ ያለ ሙግት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠሪው «አልተገኘም» ሲል ሰው «የት የት ፈለግክ?» ይለዋል፤ እሱም በደስታ ይናገራል። ለቅሶ ቀርቷል።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ሰው ሲሳሳ ጠብቄ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ኩራዟ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ጠሪ።»

«አቤት።»

«ዱሮ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ከበሮ ሠሪ ተጠርቶ ነበር። አልተገኘም ብለሃል።» ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። «የት የት ፈለግክ?»



«የዚያን ጊዜው መንገድ ጠፍቶኛል» አለ። «ማለቂያው ግን ወንዙ ዳር ነበር። ወንዙ ዳር መቆሜ ትዝ ይለኛል፤ ከማዶ ከበሮ ሲመታ ይሰማኝ ስለነበር ነው የማልረሳው።»

«ከበሮውን ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ሰምተህ አልተገኘም አልክ?»

«መንገዴ እዚያ ያልቅ ነበር። ምን ሰማህ ብሎ የጠየቀኝም የለም።»

አባቴ ያን ቀን ለራሱ ሰርግ እንደሚጠራ ሰው አዲስ ከበሮ ወጥሮ እየሞከረ ነበር። እኔ ነኝ ቆዳውን የያዝኩለት። በራሱ ለቅሶ ላይ ከፊት ተቀምጦ ያነባው፣ ከዚያም መስኮት መስኮቱን ሲያይ የኖረው አባቴ ትዝ አለኝ። የጥሪ ቤቱን ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ድንኳን የለ፣ አስተዛዛኝ የለ። ጠሪውም እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ልሄድ ስል አንድ ነገር ቀረኝና ተመለስኩ።

«ድምፁ ጥሩ ነበር?»

ጠሪው በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም።

«በጣም ጥሩ ነበር» አለኝ።